ጭንቅላቱ ሲቀየር

እኔ አንድ ቦታ አልረጋም። ቆሰበር ካለው ወንድ ልጄ ቤት ሰንብቼ ዳንግላ ሴት ልጄ ዘንድ ስደርስ፣ ማመልከቻ የምትጽፍበትን አሮጌ ኮምፒውተር ባጃጅ ላይ ስትጭን አገኘኋት።

"ቀርፋፋ ሆነብኝ እማ፤ ላሠራው ነው።"

ጓዜን ሳላወርድ አብሬያት ተሳፈርሁ።

ጠጋኙ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው እስላም ጎልማሳ ነው። ከፍቶ አየና "ጭንቅላቱን እንቀይረዋለን" አለ።

ክው አልሁ። የሟቹ ባለቤቴ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ይቺው ልጃችን ስትዳር በአገውኛ የመረቃት። ፎቶው አለ፣ ጋቢው አለ፤ ድምፁ ግን ሌላ የትም የለም። ጭንቅላቱ የተቀየረ ምን ያስታውሳል?

ልጄን ጎተት አደረግኋት። "የአባትሽስ ምርቃት?"

"ምንም አይሆንም እማ፣ አትጨነቂ።"

እኔን የሚያስጨንቀኝ አትጨነቂ የሚለኝ ሰው ነው።

ሰውየው ከሥሩ መርፌ የመሰለ ነገር የተሰካካበት፣ ከክብሪት ቤት የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር ነቅሎ ጨርቅ ላይ አኖረ።

"በቀስታ ያዘው፣ ልጄ" አልሁት።

"ኧረ እማማ፣ ይሄ አሳቢው ነው። አስታዋሹ ያውልዎት፣ አልነካሁትም" ብሎ አንዲት የብረት ሣጥን አሳየኝ።

እኔ ግን ሐሳብና ትዝታ ተለያይተው ሲኖሩ አይቼ አላውቅም።

አዲሱን ተከለ። "አሁን ደግሞ ሰዓቱን ከፍ አደርገዋለሁ።"

"በእኛ ነው በፈረንጅ?"

ሁለቱም ሳቁብኝ። ይሄ ሰዓት የልብ ምት እንደማለት ነው አሉኝ፤ ከፍ ሲል ሥራው ይፈጥናል። ይባስ! እኔ ዳገት ላይ ልቤ ሲፈጥን ቁጭ ነው የምለው።

አበራው። ጨለማ። አጥፍቶ አበራው፤ ጨለማ። ሳቁ ቀረ። ልጄ ጥፍሯን ትነክሳለች፤ እኔ የነጠላዬን ጫፍ እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ።

"አብዝቼበታለሁ" አለ ግንባሩን እየጠረገ። ያንን ሰዓት ያሉትን ዝቅ አደረገው።

በራ። ልጄ አንድ ማመልከቻ ከፍታ "ውይ፣ አፈጣጠኑ!" አለች።

"የአባትሽን ክፈቺ።"

መጀመሪያ የባለቤቴ ሳል መጣ። ሳይስል ተናግሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ ምርቃቱን አወረደው። ልጄ ጀርባዋን ሰጠችን። ጠጋኙ አገውኛ አይሰማም፤ ቢሆንም ምርቃት መሆኑ ገብቶት እስኪያልቅ ድረስ "አሚን" ይል ነበር።

ሲያበቃ ጠጋኙ፣ "ሰዓቱን ትንሽ ልጨምርለት እንዴ? ገና አቅም አለው" አለ።

"ተወው!" አለች ልጄ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።