የዶክተሯ ሦስት ሰዓት

ደርበው ፈረንሳይኛ የለመደው ላሊበላ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያጠኑ ከመጡ ፈረንሳዮች ሥር ሥር እያለ፣ ዕቃቸውን እየተሸከመ ነው። ከቋንቋው ሁሉ የሰዓቱ ነገር አስቸገረው። «ኢየር» ትናንት ነው፣ «ደማን» ነገ ነው፤ ይኸስ ይሁን። በስምንት ቀን ሲሉም ሳምንት ማለታቸው ነው፣ እንደኛው። ግን እኛ ጥዋት ሦስት የምንለውን እነሱ ዘጠኝ ይላሉ፤ የእነሱ የከሰዓት ሦስት ደግሞ የእኛ ዘጠኝ ነው። አንድ ጊዜ በዚሁ ተሳስቶ ጌቶቹን የአሸተን ማርያም ዳገት ላይ በቀትር ፀሐይ አስመታቸውና ተቆጡት። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ሰዓት ሲሰማ መመንዘሩን እንደ ጸሎት ያዘው።

ደርግ መጥቶ ጎብኚ ሲጠፋ ፈረንሳይኛው ሥራ ፈታ። በሰባ ሰባት ድርቁ ሲጠና ግን ፈረንሳዮች ሐኪሞች መጥተው ከከተማው ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ደርበው አስተርጓሚ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የሚስቱ የይማርሽ ሆድ አበጠ። ዶክተሯ አይታ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትድንም አለች። እህል የሚያመጣው አውሮፕላን ሲመለስ አዲስ አበባ ሊወስዳት ሆነ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ሜዳው ከረጠበ አውሮፕላን አያርፍበትም።

«ደማን፣ አ ትሯ ዘር» አለችው ዶክተሯ። ነገ፣ በሦስት ሰዓት።

ጥዋት ይሁን ከሰዓት አላለችም። ሊጠይቃት ፈለገና አፈረ። ስንት ዓመት የኖረበትን ነገር ዛሬ እንዴት ይጠይቅ? የፈረንጅ ሦስት ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ አለቀ።

በማግስቱ የይማርሽ ወንድም ጋሻዬ በጥዋት ቃሬዛውን አዘጋጅቶ እንውጣ አለ።

«ሜዳ ላይ ፀሐይ እናስፈጃት? ገና ነው» አለው ደርበው።

ረፋዱ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ጋሻዬ ተነሣ።

«እንዴ፣ ደርበው! ያውልህ እኮ።»

«ሌላ ነው። የእኛው በዘጠኝ ነው አልኩህ። ከኔ ይልቅ አንተ ፈረንጅ ታውቃለህ?»

ጋሻዬ ተመልሶ ተቀመጠ። ይማርሽ ነጠላዋን ተከናነበች።

ከቀትር በኋላ ተሸክመዋት ወረዱ። ሜዳው ላይ ጆንያ የሚያነሱ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዶክተሯ እየሮጠች መጣች። የት ጠፋህ፣ አብራሪው ስንት ለምኜው ጠብቆ ሄደ አለችው። ለካ እሷም እዚህ ከርማ የአገሩን ሰዓት ለምዳለች፤ እሱን እንዳላስቸግር ብላ በእኛው ሰዓት ነበር የነገረችው። ጥዋት ሦስት ሰዓት።

«ምን አለች?» አለ ጋሻዬ።

«ከሰዓቱ ቀድሞ ሄዷል አለች።»

ያን ዕለት ማታ ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ አውሮፕላኑም ቀረ። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይዟት ወጣ። ኩልመስክ ሳይደርሱ አረፈች።

ለቅሶው ላይ ሰዉ ሁሉ ዶክተሯን አነሣ። ፈረንጅ ቃል የለውም፣ አውሮፕላኑን በሦስት ሰዓት ልካ በዘጠኝ ኑ ትላለች አሉ። ደርበው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ነጠላ ለብሳ ለቅሶ መጣች። ቦታ የሚለቅላት ጠፍቶ በር ላይ ቆመች። ጋሻዬ ፊቱን አዞረባት።

«ይችን ሴትዮ ሂጂ በልልን» አለው ደርበውን።

የሚተረጉም እሱ ብቻ ነበር። ሰዉ አፍ አፉን አየው። ደርበው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበና ምንም አላለም። ዶክተሯ እጅ ነሥታ ወጣች።