እንጦጦ ሥር አክስቴን የሚጠይቁት ሰዎች

ቅዳሜ ጠዋት ከኮተቤ የተነሣሁት ሁለት ሰዎችን ልሰልል ነው። ጋሽ ታደሰና ሂሩት ካህናት አይደሉም፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ እሷ የቢሮ ሠራተኛ። ከቤት መውጣት ያቃታቸውን የደብራቸውን ምእመናን በበጎ ፈቃድ እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ያጽናናሉ። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ብቻዋን የምትኖረውን አክስቴን መጠየቅ ከጀመሩም ሰንብተዋል። የእንጦጦ መንገድ ከተሠራ ወዲህ የዚያ ሰፈር ቦታ ዋጋው አይቀመስም። ልጅ የሌላት ባልቴት፣ ሰፊ ግቢ፣ ደሞዝ የማይጠይቁ እንግዶች፤ ነገሩ አልጥመኝ አለ። ሳይርቅ በቅርቡ ብዬ አብሬያችሁ ልሂድ አልኳቸው።

ሾላ

የተቀጣጠርነው ሾላ ገበያ ነበር። የሙዝ ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ግማሽ ኪሎ ብቻ አስመዘንኩ። እነሱ ከአንዲት የጸበል ጠርሙስ በቀር ምንም አልያዙም። ይህንንም ያዝኩባቸው።

ታክሲ ውስጥ ከአክስቴ ጋር ምን እንደሚያወሩ በዘዴ ጠየቅሁ።

«የጠየቅነው ሰው ቤት የሰማነው እዚያው ይቀራል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

የወንድሟ ልጅ መሆኔን አስታወስኳቸው። ለወንድም ልጅም ያው ነው አሉኝ። ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰ።

ዳገቱ

ከፈረንሳይ በላይ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን፣ እሱም አልቆ ቀይ አፈር ሆነ። ባዲስ ስኒከር የሚሮጡ ወጣቶች እያለከለኩ ቁልቁል አለፉን። ጋሽ ታደሰ ባሕር ዛፍ እየተደገፉ ወጡ፤ ለነጻ ሥራ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

የአክስቴ በር ክፍት ነበር።

«እማማ፣ ሂሩት ነኝ። በቀኝዎ በኩል ልቀመጥ ነው» አለች ሂሩት፣ ከመግባቷ በፊት። ጋሽ ታደሰም ስማቸውን ተናግረው በርጩማው ላይ መቀመጣቸውን አሳወቁ። የተጠና ቲያትር መሰለኝ። ምን እንደሚባባሉ ልስማ ብዬ ሙዜን ይዤ በሩ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ።

አክስቴ ፊቷን ወደ እኔ እንዳዞረች፣ «የዓይኔን ነገር ለወንድሜ ልጅ አልነገራችሁትም አይደል?» አለች። «ማየት እንደተሳነኝ ካወቀ ቤቴን አከራይቶ ኮተቤ ያለው ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ይከተኛል።»

ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ።

«አልነገርነውም፣ እማማ» አለች ሂሩት። «ግን እዚሁ በሩ ላይ ቆሟል።»

በየበዓሉ እየመጣሁ ዓይኗ መጥፋቱን አላየሁም። አፈርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያለ ፈቃድሽ የትም አልወስድሽም አልኳት። አክስቴ ግን የሂሩትን እጅ ፈልጋ ያዘች።

«ፊቱን እይልኝ እስቲ። የምሩን ነው?»

ሂሩት ትክ ብላ አየችኝ። ቤቷን ስለ ማከራየት በሆዴ ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር፤ ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ።

«ገና አልወሰነም፣ እማማ» አለች።

ኮተቤ

ማታ ቤቴ ስገባ ጉዞው ያስተማረኝ ገብቶኝ ነበር፤ በዚያ ቤት አክስቴ የምትፈራው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። ሂሩት ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ እንደገና ብመጣ አክስቴ ትፈቅድልኝ እንደሆነ እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት።