በነምሳ መነጽር ያየሁት መርዶ

ባለቤቴ የነምሳ፣ ኦስትሪያ የሚሉት አገር፣ ወታደሮች የሚይዙትን፣ ሩቁን የሚያቀርበውን ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ይሰበስቡ ነበር። ፈረንጅ ከታች አልዩ አምባ ገበያ ደረሰ ሲባል ማር ወይም ሙክት አስይዘው ይወርዳሉ። አራት ነበራቸው፤ ማኅደራቸው የተላላጠ፣ ናሳቸው በእጅ ብዛት የነጣ። «አዲሱ ምን አይቷል? ያረጀው ጦር አይቷል» ይሉ ነበር።

አምስተኛውን አንድ የነምሳ ነጋዴ ቆላ ወርዶ ለሚቀበለው ሊሰጥ ቃል ገባ። እግራቸውን አሟቸው ነበርና የበኩር ልጃችንን ከወንድሜ ጋር ላኩት። «ቆላው ወባ አለበት» አልሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሁት።

ወር ሲሞላው፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ አንዱን መነጽር ይዤ ከአንኮበር ገደል አፋፍ ቆምሁ። ታች በመንገዱ ወንድሜና አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ይመጣሉ። ልጄ የለም። የወንድሜ ኩታ ተዘቅዝቆ ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው፤ ለሐዘን ካልሆነ እንዲህ አይለበስም። ከመታጠፊያው ሲደርሱ ቆሙ። ወንድሜ ኩታውን ገልብጦ እንደ ደህና ሰው ለበሰ። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። በዚያ ርቀት የሚያየው ሰው ያለ አልመሰለውም።

ልጮኽ ነበር። የላኩት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አለኝ። ይህች ቀን እንኳ ትለፍላቸው ብዬ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

ባለቤቴ ገብተው እንግዶቹን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ልጁስ?»

«ደህና ነው ጋሼ» አለ ወንድሜ። «ከግመሎቹ ጋር ወደ ኋላ ቀርቷል።»

«ከበቅሎ እንኳ የማይስማማ ልጅ ግመል ወደደ በለኛ!»

ወንድሜ መነጽሩን ከጉያው አውጥቶ ሰጣቸው። ነጋዴው ያቀረብሁለትን ብርዝ ሳይቀምስ መሬት መሬት ያይ ነበር። ባለቤቴ መነጽሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እየሳቁ በሉ። «አንቺ፣ ስለ ልጅሽ አትጠይቂም?»

«እርስዎ ጠየቁልኝ» አልሁ። ወጥ ጨመርሁላቸው።

ሲነጋ ሽማግሌዎች መጡ። ባለቤቴ መሬት ላይ ወደቁ፤ «እኔ ነኝ የገደልሁት!» አሉ። ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። እንደ ዱብ ዕዳ የወረደበት ሰው አልሆንሁም ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት፣ እነሱ ሳይደርሱ።»

«ስበላ ታዪኝ ነበር?»

«አዎን ጌታዬ።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም። ስለዚያች አንዲት ገበታ እግዚአብሔርን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።