ጅቡቲ የቆመችው መርከብ

ዛሬም በጠዋት ናፍጣ ሲሸተኝ አባቴ ትዝ ይለኛል። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት፤ ከባድ መኪኖቹ ፀሐይ ሳትጠነክር ሞተር ሲያሞቁ ጭሱ ግቢያችን ድረስ ይገባ ነበር። እናቴ መስኮቱን ስትዘጋ አባቴ ይከፍተዋል።

አባቴ የጦር መርከብ ሞተር መካኒክ ነበር። መርከቢቱ በጦርነቱ ከምፅዋ እየወጣች የባሕሩን ዳርቻ በመድፍ ደብድባለች፤ ቁስለኛ አመላልሳለች። ወደቡ ሲያዝ በባሕር ሸሸች። መንግሥት ሲለወጥ ባሕር ኃይሉ ተበተነ፤ እሷ ጅቡቲ ቆመች፣ እሱ ያለ ጡረታ የእናቴ አገር አዳማ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ሆነ። «መርከቢቱን ሲያስነሷት ሞተሯን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ» ይል ነበር። አጎቴ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ቢያገኝለት፣ «ሲጠሩኝ ሸንኮራ ውስጥ ይፈልጉኝ?» ብሎ እምቢ አለ። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ታበላን ነበር።

ጎረቤታችን ጅቡቲ የሚመላለስ የወሎ ሰው፣ ሹፌር ነበር። በተመለሰ ቁጥር አባቴ በር ላይ ይይዘዋል።

«አየሃት?»

«አየኋት ጋሼ፣ ቆማለች። ባሕር እንዲህ ከናፈቀዎት ቆቃ ይውረዱ እንጂ፤ ጉማሬው ይቀበልዎታል!»

«አንተ አርፈህ መሪህን ያዝ!»

አንድ ክረምት አባቴ ታሞ ተኛ። ሹፌሩ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣና ሊያጽናናው አንድ ነገር ጨመረ። «ወላሂ ጋሼ፣ አሁን ስመጣ ከጭስ ማውጫዋ ጭስ ሲወጣ አየሁ።»

ደስ የሚለው መስሎን ነበር። አባቴ ቀና አለ። «ሞተሯን የሚያስነሳ ሰው አግኝተዋል ማለት ነው» አለ። «እኔን ሳይጠሩ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሹፌሩ እኔና እናቴ ልብስ ወደምናሰጣበት ጓሮ መጣ። «እታለም፣ ጉድ ሠራሁ። መርከቢቱ እኮ የለችም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠች ቆየች። ልባቸው እንዳይሰበር ብዬ ነው ቆማለች የምላቸው። ልመለስና እውነቱን ልንገራቸው።»

«ተው» አለች እናቴ። «ሞተች ካልነው አብሯት ይሞታል። ረሱኝ ብሎ ይናደድ፤ የተናደደ ሰው ሥራ ይገባል።»

እንዳለችው ሆነ። ሲድን ፋብሪካ ገባ፤ እኔም በዚያ ደመወዝ ተማርኩ። ጋዜጠኛ ሆኜ ጅቡቲ ስላክ ወደቡ ላይ አጣራሁ፤ መርከቢቱ በእርግጥ ተሸጣ ነበር። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም።

ሊሞት ሰሞን አንድ የመርከብ ጓደኛው ከኩየራ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ ከጓዳ አልወጣም። «ወደ መርከቢቱ ከተጠሩት አንዱ ነው» አለኝ በሹክሹክታ፤ «የለም በይው።»

ጓደኛው ግን ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ለብሶ ነበር። የለም አልኩት። ውሃ ጠጣና «ብቻ እሱ ሰላም ነው?» አለ። እናቴ እስከ መንገድ ሸኘችው።