የመስቀሉ አርማና አንዱ ዓይን

በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ ላይ የመስቀል በዓልን አርማ እንድሠራ ታዘዝኩ። እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም፤ በዚያ ላይ ታናሽ ወንድሜ ለአርበኞች ስንቅ አቀብሏል ተብሎ ታስሯል። የከተማው ጣሊያን ሹም በአስተርጓሚው በኩል፣ «አርማው ካማረኝ ወንድምህን ለመስቀል እፈታዋለሁ» አለኝ። ካላማረው የሚሆነውን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

የፈለገው በሰፊ አቡጀዲ ላይ ደመራ፣ ከደመራው በላይ ደግሞ የእሱን ፊት ነው። ድፍረቱ! ከመስቀሉ በላይ! ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሳልኩት፤ ቤተ ክርስቲያን እንደተማርኩት ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ። ሲያየው ተቆጣ። የንጉሣቸው መልክ ያለበትን ሳንቲም ከኪሱ አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ንጉሡ ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። «እንዲህ አድርገህ ሳለኝ» አለ።

ጉድ ፈላ! በእኛ ሥዕል ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ይህን የቡታጅራ ክርስቲያን ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል። ታዲያ ለሹሙ ምን ልበለው? «ጌታዬ፣ ሰይጣን ይመስላሉ» ልበለው? አስተርጓሚውን አየሁት። የአገሬው ልጅ ነው፣ ያንኑ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ። ዝም አለ። እኔም ዝም ብዬ በአንድ ዓይን ሳልኩት።

የደመራ ዕለት አርማው ተሰቀለ። ከእንሴኖም ከቆሼም የመጣው ሰው ቀና ብሎ አየ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እሰይ! ሠዓሊው ይባረክ! ቁርጥ እሱን!» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ሹሙ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ ጠየቀ። ቋንቋውን ባላውቅም ምን እንዳለ ገባኝ። አስተርጓሚው ግን አልመለሰለትም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ «እኔንስ ብትስለኝ በስንት ዓይን ነው?» አለኝ።

«በሁለት ነዋ፣ ጌታዬ! ምን ነካዎት!» አልኩት። ወንድሜን እያሰብኩ በአራትም እስልዎታለሁ ብለው ደስ ባለኝ።

ያኔ ወደ ሹሙ ዞሮ፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ የሽማግሌውን ቃል እንዳለ ተረጎመለት፤ ቁርጥ እርስዎን ነው ይላሉ፣ ብሎ። ሹሙ ሳቀና እጄን ጨበጠኝ።

ወንድሜ በማግስቱ ተፈታ። ከስቷል፣ ጀርባው ተልጧል። ቁስሉን ቅቤ እየቀባሁለት የሆነውን ሁሉ አጫወትኩት፤ አስተርጓሚውንም እግዜር ይስጠው፣ እሱ ባይኖር አልቆልን ነበር፣ አልኩ። ወንድሜ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሲገርፉኝ እኮ እዚያው ቆሞ ነበር» አለኝ። «ስለምናቸው ዝም ብሎ ያየኛል እንጂ አንዲት ቃል አልተረጎመልኝም።»

እጄ ጀርባው ላይ ቀረ። አስተርጓሚው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ሥዕሌስ?» ብሎኛል። ሁለቱንም ጊዜ ቀለም አልቆብኛል አልኩት።