ጫልቱ በአባቴ ስም የተጠራች ጊዜ

ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልብስ ሰፊው አባቴ ቱሉ አሰላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጫልቱ የተባለች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በእሱ ስም እንድትጠራ ጠየቀ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጫልቱ ቤታችን እስክትገባ ድረስ የቱሉ ልጅ የምባለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጫልቱ በቆጂ ይኖር የነበረው የአባቴ ጓደኛ የሁንዴ ልጅ ናት። ሁንዴና ሚስቱ በአንድ ክረምት በበሽታ ሲሞቱ አባቴ አመጣት። ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰብስበው፣ በጉዲፈቻው ወግ አናቷን ቅቤ ቀብተው መረቁና «ከዛሬ ጀምሮ የቱሉ ልጅ ናት» አሉ። ለሰፈሩ ይህ በቂ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ግን አልበቃም፤ መዝገቡ ላይ ጫልቱ ሁንዴ ተብላ ስለተጻፈች፣ ዲሬክተሩ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስም አልለውጥም አለ።

እኔን ያንገበገበኝ ልብሱ ነው። ለገና ይሆነኛል ያልኩትን ቢጫ ጨርቅ አባቴ ችሎት ለምትቀርበው ለጫልቱ ሰፋው። የካውያው ከሰልና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። «ላንቺ ሌላ እገዛለሁ» አለኝ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። አላመንኩትም። በዚያ ሰሞን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እግሯ መስመሩን ሳይነካ «ነካሽ! ውጪ!» እላት ነበር። እሷም ሳትከራከር ትወጣለች። ይህም ያናድደኝ ነበር።

ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ ከውርጭ የገባው ሰው ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም። ዳኛው ማመልከቻውን አንብበው፣ ሁለት ምስክሮች ሰምተው፣ «ተቃዋሚ አለ?» አሉ። ለደንቡ ያህል የሚጠየቅ ነበር። እኔ ግን ትምህርት ቤት እንደለመድኩት እጄን አወጣሁ።

«ማናት ይቺ?»

«ልጄ ናት ጌታዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አባቴ።

«ምኑን ነው የምትቃወሚው?» አሉኝ።

«አባዬ የእኔ ነው። እሷ የራሷ አባት ስም አላት።»

ከኋላ አንድ ሰው «ቱሉ፣ ይቺማ ጠበቃ ናት!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ወደ ጫልቱ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት። ጫልቱ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ «እሷ ካልወደደች ይቅር» አለች። ዳኛው ቤታችን ተነጋግረን እንድንመለስ ለሳምንት ቀጠሩን።

ስንመለስ አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሁለታችንንም እጅ ይዞ ሽቅብ ሲወጣ እኔ የማየው የእሷን እጅ ነበር፤ አጥብቆ የያዘው የማንን እንደሆነ ለማወቅ።

በሳምንቱ ዳኛው «ዛሬስ?» ሲሉኝ «ይሁን» አልኩ። ወድጄ አይደለም። እምቢ ብል አባቴ ከእኔ ይልቅ ለእሷ እንደሚያዝን ስለገባኝ ነው። ውሳኔው ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ጫልቱ ቱሉ ከችሎት ስትወጣ እያለቀሰች ነበር። ያኔ የደስታ መስሎኝ ይበልጥ ቀናሁ። ያን ቀን የሁንዴ ስም ከእሷ ላይ መነሳቱን ያሰብኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዛሬ እኔም ጫልቱም ሸብተናል። ቅናቱ እንደ ልጅነቴ አይፋጅም፤ ጠፍቷል ብዬ ግን አልጽፍም። እኔ በዜና ሥራ ከአሰላ ርቄ ኖርኩ፣ እሷ አልራቀችም። አባቴ ሲታመም ለዘገባ ሌላ ክፍለ ሀገር ነበርኩ፤ ስደርስ ተቀብሯል። በኋላ የሆስፒታሉን መዝገብ ጠይቄ አየሁ። የተኛው አሥራ ሰባት ቀን ነው። አስታማሚ በሚለው መስመር በአሥራ ሰባቱም ቀን «ጫልቱ ቱሉ፣ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ስም የለም።