ጣሳው ውስጥ የተገኘው ቁልፍ

በሰፈሩ «ሰባሪዋ» ነው የሚሏት። አዲስ ሰው ሲሰማ ክው ይላል፤ ቁልፍ ላስቀርጽ ብሎ ወጥቶ ሰባሪ ወደምትባል ሴት መላክ ማንን አያስደነግጥም? ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ስትቀርጽ የተበላሸባትን ቁልፍ ባለቤቱ እያየ ሞርሳ በሚሉት የብረት መያዣ ላይ ታስርና በፒንሳ እንክት አድርጋ ትሰብረዋለች። ቸኩሎ ሊሄድ የሚነሳ ካለም ሳያይ አታስወጣውም።

ልማዱ የአባቷ ነው። ሱቁም የእሱ ነበር፤ በፎቶ ቤትና በጫማ ሰፊ መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል። በሃያ ዓመቷ ሙያውን ስትጀምር የመጀመሪያው ትእዛዝ ይሄው ነበር፤ የተበላሸ ቁልፍ ሳይሰበር አይጣልም። እሷ ግን የሽማግሌ ነገር አድርጋ ነው ያየችው። አባቷ ዞር ሲል፣ ወረፋም ሲበዛባት፣ ከልክ በላይ ተሞርዶ የጠበበውን ቁልፍ እንዳለ በሩ አጠገብ ወዳለው የቁርጥራጭ ጣሳ ወርወር ታደርገዋለች። ማን ያያል?

እንዲህ እንዲህ እያለ የአንዲት መምህርት ቤት ተዘረፈ። መምህሯ ከሱቁ ጀርባ ባለው መንገድ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ የበሯንም ቁልፍ ያስቀረጸችው እነሱ ጋ ነው። እሷ ትምህርት ቤት ሳለች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በር ሳይሰበር፣ መስኮት ሳይነካ። ሌባው እንደ ባለቤት ከፍቶ ገብቶ፣ እንደ ባለቤት ቆልፎ ወጣ። ታዲያ ሰው ማንን ይጠርጥር? ጫማ ሰፊው «እኔ እንኳ ምንም አልልም» እያለ ሁሉንም አለ። ደንበኞች ቁልፍ ሲያስቀርጹ ዓይናቸውን ከአባቷ እጅ አልነቅል አሉ። መምህሯም ብትሆን ጓንጉሏን ለማስቀየር ሌላ ሰፈር ሠራተኛ ታጠያይቅ ነበር እንጂ እነሱ ጋ አልመጣችም።

ልጅቱ መጀመሪያ ሰዉን ስትረግም ሰነበተች። ኋላ ግን፣ ክፉው ነገር ይሄ ነው፣ እሷም አባቷን ታየው ጀመር። አንድ ቀን ከምሳ ቀደም ብላ ስትመለስ ሱቁ ከውስጥ ተዘግቷል። በመጋረጃው ክፍተት አጮልቃ ብታይ፣ አባቷ ጣሳውን መሬት ላይ ደፍቶ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ያገላብጣል። አንድ ቁልፍ አነሳ፣ መነጽሩ ድረስ አቅርቦ አየው፣ ኪሱ ከተተው። ምን እየፈለገ እንደነበር ስትጠይቀው፣ ቆይ እነግርሻለሁ ብሎ ዘጋት። ከዚያ ወዲያ አጎንብሳ ስትሞርድ በጎን እንደሚያያት ታውቃለች፤ ቀና ስትል ዓይኑን ይሰብራል። የጥፋተኛ ዓይን መሰላት።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ገደማ አሁን መጣሁ ብሏት ወጣ። ሱቁን ቆልፋ ተከተለችው። ከመብራት ምሰሶው ጀርባ ሆና ስታይ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ መምህሯ በር ላይ ቆመ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰካው። ቁልፉ ትንሽ አንገራገረ፤ ወዝወዝ ሲያደርገው በሩ ተከፈተ።

በልጅነቷ መንገድ ላይ ያገኘችውን እርሳስ እንኳ ባለቤቱን ፈልጊ ብሎ የመለሳት ሰውዬ! ያ ሁሉ ለካ ለታይታ ነበር።

አባቷ ግን አልገባም። በሩን መልሶ ቆለፈና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ መምህሯ ደብተሮቿን ታቅፋ ከተፍ አለች። ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ብድግ ብሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«መምህር፣ ይሄ ቁልፍ በርዎን ይከፍታል፤ አሁን ሞክሬዋለሁ» አላት። «የተገኘው ከኔ ሱቅ ነው፣ ከቁርጥራጭ ጣሳ ውስጥ። ሌባው ሌላ እንዲህ ያለ አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም። ጣሳው ግን በር ላይ ክፍቱን ነው የሚውለው።»

መምህሯ ቁልፉን ተቀብላ ብዙ አገላበጠችው። ማን እንደቀረጸው ጠየቀችው።

«ሱቁ የኔ ነው።»

እሱን አልጠየቅኩዎትም አለችው። አባቷ መሬት መሬት ያያል። እኔ ነኝ አላለም፤ እሷ ናት ብሎም አልጠቆመም።

ልጅቱ ማንም አላያትም። ዞር ብላ ብትሄድ ነገሩ እዚያው በቀረ። ደግሞ ሌላም የምታውቀው አለ፤ ከእሷ በቀር አባቷም የማያውቀው። ያን ቀን የመምህሯን ቁልፍ ስትቀርጽ አንዱ ጠበበ፣ ጣለችው። ሁለተኛውም ጠበበ፣ ጣለችው። ሦስተኛው ነው ልክ የመጣው። ጣሳው ውስጥ የተገኘው ግን አንድ ነው። ከምሰሶው ጀርባ ወጣች።

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት» አለች። «የተበላሹብኝ ደግሞ ሁለት ናቸው።»

መምህሯ ቁልፉን ይዛ ገባችና በሩን ዘጋችባቸው። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አባትና ልጅ ቃላቸውን ሰጡ። ሱቁ ለወራት ዝንብ ሲወረው ከረመ።

ያን ዕለት ግን ከመምህሯ ደጅ ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቱ ሆዷ አልችል አላት።

«አባዬ፣ ሌባው አንተ መስለኸኝ ነበር።»

«እኔም አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር» አላት። «በሩ እንዳይከፈት እየለመንኩ ነው የሄድኩት።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በዚያች ሰዓት ቢዋሻት፣ የኔ ልጅ አንቺንማ እንዴት ብሎ ቢያባብላት ምን ነበረበት? ተቀየመችው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ተቀየመችው። ጠዋት ግን ቀድማው ሱቅ ገባችና ጣሳውን ደፍታ፣ ሳይሰበር የቀረውን ቁልፍ ሁሉ እየለየች ሞርሳው ላይ ማሰር ጀመረች። አባቷ ሲደርስ ፒንሳውን አቀበላት።